ከፋናር በላይ ያለው ጉም

ከሪማ ከወሎ ዓረብ አገር መጥታ ፋናር በምትባል ከተማ ማዳም ሪታ ቤት ትሠራለች። የማዳሟን የአምስት ዓመት ልጅ ሉሉን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱም ተራራው ላይ ወዳለው የሉሉ አያት ቤት ሲወጡ ጉም መንገዱን ዋጠው። ማዳም ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ጭራሽ ረጅሙን መብራት አበራችና ፊታቸው ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። በአንድ እጇ ስልክ ይዛ ከእህቷ ጋር ትስቃለች።

«ማዳም፣ ሽወይ ሽወይ! ቀስ በይ! ምንም አይታይም እኮ» አለች ከሪማ ከኋላ ወንበር፣ የሉሉን ቀበቶ እያጠበቀች።

«መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ልጅቷን ያዢ!»

ኩርባው ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ፒክአፕ ድንገት ብቅ አለ። ማዳም ፍሬን ብትይዝም መኪናዋ ተንሸራትታ ከኋላው ገጨችው። ከሪማ ጮኸች፤ ሉሉ አለቀሰች። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም።

መኪናቸው ግን መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል። «ማዳም፣ ውጪ! ከኋላ መኪና ይመጣል!» አለቻት ከሪማ። ማዳም ግን መሪውን እንደጨበጠች ፈዛ ቀረች። ከሪማ ሉሉን አቅፋ ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ወዲያ አሻገረቻትና ለፒክአፑ ሹፌር፣ ለአንድ ሽማግሌ አስያዘቻት። ከዚያ በመንገዱ ጠርዝ ወደ ኋላ ሮጣ የስልኳን መብራት እያወዛወዘች መጮህ ጀመረች። አንድ ሚኒባስ ፍሬኑን እያስጮኸ መኪናዋ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

የማዳም ባል ዮሴፍ ተደውሎለት ደረሰ። ማዳም አሁን ከመኪናው ወርዳለች።

«ከሪማ ናት! ከኋላዬ ጮኻ አስደነገጠችኝ!» አለችው።

የከሪማ ደም ፈላ። «ውሸት ነው ሚስተር! የጮህኩት ከተጋጨን በኋላ ነው። ቀስ በይ ብላት ዝም በይ አለችኝ፤ ስልክ እያወራች ነበር!»

«ኸላስ ከሪማ፣ ይብቃ፤ ማዕሌሽ፣ ምንም አይደለም። ማዳምን ፓርዶን፣ ይቅርታ በያትና እንሂድ» አለ ዮሴፍ።

«እኔ? ምን አድርጌ? ዛሬ ልጃችሁን ከመንገድ ያወጣኋት እኔ ነኝ! አልልም!»

 ዮሴፍ ሦስቱንም በመጣበት መኪና አሳፍሮ፣ አጭሩን መብራት አብርቶ፣ በዝግታ ወደ ቤት ወሰዳቸው። 

ቤት ሲደርሱ ከሪማ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን መሀል ቆመች። «ከእንግዲህ ማዳም በጉም እንዲህ ስትነዳ ሉሉን ይዤ መኪና አልገባም። ከፈለጋችሁ አባርሩኝ።»

ዮሴፍ ወደ ኩሽናው በር፣ ሚስቱ ወዳለችበት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትሽን ነው» አላት ከሪማን።

ከሪማን ከሁሉም በላይ ያናደዳት ይሄ ሹክሹክታ ነው። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ!» አለች ጮክ ብላ። «ለእሷ ንገራት!»

 ዮሴፍ ወደ ኩሽናው ዞሮ፣ ከሪማ እንድትሰማው አድርጎ፣ ሚስቱን በስሟ ጠራት።