ሀምዳን ኮዳ

አዎ፣ ሀምዳን ኮዳ የሚሉኝ መካኒክ እኔ ነኝ። ታሪኩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት።

በሰማንያ ስምንት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ወደ አዋሽ እርሻ የሚሄድ አሮጌ ትራክተር እዚሁ አሰብ ላይ አልነሳም አለ። ሾፌሩ ሣህሉ እስከ ጋራዤ አስጎትቶ አመጣልኝ። እኔ ሥራ ስጀምር ኮዳዬን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ ላይ እሰቅላለሁ፤ ውሃው የሚቀዘቅዘው እንደዚያ ነው። ያን ቀንም ሞተሩ ጎን ያገኘሁት እጀታ ላይ ሰቀልኩት። የናፍታው ፓምፕ በቆሻሻ ተደፍኗል። ፈትቼ ጠረግኩት፣ ገጠምኩት፤ አልነሳም አለ። በማግስቱም ኮዳዬን እዚያው ሰቅዬ እንደገና ፈትቼ ገጠምኩት።

ቁልፉን ሳዞር ሣህሉ ኮዳውን አውርዶ ይጠጣ ነበር። ሞተሩ አጓራ!

"ፓምፑ ነው አላልኩም?" ብዬ ጮህኩ።

ሣህሉ ጠጥቶ ኮዳውን መልሶ ሰቀለው። ሞተሩ ጠፋ። ለካ እጀታው የሞተሩ ማጥፊያ ኖሯል፤ ኮዳዬ ወደ ታች እየሳበ ናፍታውን ሲዘጋብኝ ነበር የከረመው።

ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ሳፊያ ከነደንበኞቿ በሳቅ ፈነዳች። "ሀምዳን ኮዳ!" አለችኝ።

"ሳቁ!" አልኳቸው። "ፓምፑን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ ስገጥም አንዲት ብሎን አልተረፈችኝም። የሚችል ካለ ይምጣ!"

ማንም አልመጣም።

ዛሬም ትራክተር ጠግኜ ሞተሩን ማጥፋት ስፈልግ እጀታውን በእጄ አልነካውም። ሳፊያን ከሱቋ እጠራና፣ እያየችኝ ኮዳዬን እሰቅልበታለሁ።