ሲ የጠጋኙ፣ ዲ የባለቤቱ

ቀሕጣን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ማውራት ይቀለኝ ነበር። ችግሩ ደግ መሆኑ ነው። ባስራ ውስጥ አንድ ሱቅ ተካፍለን ኮምፒውተር ስንጠግን ኖረናል፤ እሱ ግን የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ድምፅ እምቢ ቢል ፎርማት። ሁሉን ጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል። «መጀመሪያ ክፈተውና እየው» ስለው፣ «አንተ ስትመረምር በሽተኛው ይሞታል» ብሎ ይስቅብኛል።

በእርግጥ ከተማውም አስለምዶታል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚበላሽ ስለማይጠፋ፣ እዚህ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ ሲ የጠጋኙ ነው፣ ዲ የባለቤቱ። ዊንዶውስ የሚቀመጥበትን ሲ የተባለውን የዲስኩን ክፍል ጠጋኝ ባሰኘው ጊዜ ይጠርገዋል። ፎቶህን፣ የሠርግ ፊልምህን በሌላው ክፍል፣ ዲ ላይ፣ ካላስቀመጥክ ማንም አያዝንልህም።

ጎረቤቴ ኡም ሰርመድ ይህን ሕግ አያውቁም። ልጃቸው ሰርመድ ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልመጣላቸውም። የቀራቸው ድምፁ ነው። ከመዝመቱ በፊት አዲስ ማይክሮፎን ሲሞክር «እማዬ፣ ሻይ አለ እንዴ?» ያለውን ቀድቶ፣ ለጊዜው ብሎ ዴስክቶፑ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ፣ ትቶት ሄደ። ዴስክቶፕ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ የሲ ንብረት ነው።

ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ወደ ማታ መብራት ሲመጣ ልጁ ሻይ ሲጠይቅ እሰማለሁ። «አለ ልጄ፣ መጣሁ» ይሉታል። ከዚያ ሻይ ሲቀዳ ይሰማል።

በነሐሴ ሙቀት ኮምፒውተራቸው እየበራ ድርግም ይል ጀመር። እኔ ቀብር ሄጄ ሳለ አሸክመው ወደ ሱቁ አመጡት። ስመለስ ቀሕጣን ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ና ኢማድ፣ የእናታችንን ኮምፒውተር እይ። ሙሽራ አስመስዬዋለሁ።»

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ምን ያልሆነው አለ? ፎርማት አድርጌ ገላገልኩት። ዲን አልነካሁም፣ እንዳትጮህብኝ።» ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ኡም ሰርመድ ዞረ። «አክስቴ፣ ከእርስዎማ ሂሳብ አልቀበልም። እንዲያውም እናቶች የሚወዱትን የሃይማኖት ሙሾ ሞልቼልዎታለሁ፣ ፊልምም አለበት። ዲ ስለሞላ ሲ ላይ ነው የጫንኩት፣ ፈልገው እንዳይቸገሩ ፊት ለፊት።»

ኡም ሰርመድ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ጥግ ሰደዱ፤ የለመዱት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ሰርመድ የታለ?»

«ፎቶው ነው አክስቴ? ፎቶ ዲ ላይ አለ።»

«ፎቶ አላልኩህም። ሻይ የሚጠይቀኝ።»

ቀሕጣን ወደ እኔ ዞረ። «ዕቃዎ ዲ ላይ ነው አይደል ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ። አዎ ነው ያሉኝ።»

«እኔ ምኑን አውቄ?» አሉ ኡም ሰርመድ። «አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው አዎ ያልኩህ።»

ገመዱን ነቀልኩት። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪተኛበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ዲስኩን ላወጣ ሳጥኑን ስከፍት፣ ማራገቢያው አቧራ ተጋግሮበት መዞር አቅቶታል። በሽታው ይኸው ብቻ ነበር። በአየር እፍ ተብሎ የሚያልቅ ነገር። ቀሕጣንን በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ አልደብቅም።

ዲስኩን ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የተሰረዘ የሚፈልገውን ፕሮግራም ለቀቅኩት። ኡም ሰርመድ መቁጠሪያቸውን እየገፉ ጠበቁ። ቀሕጣን በር ላይ ቆሞ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ መለሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «የሰርመድ ሙከራ» የሚል ስም ብቅ አለ። አነበብኩላቸው፤ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ስሙ ተገኘ ማለት ድምፁ ተገኘ ማለት አይደለም አክስቴ» አልኳቸው።

ከፈትኩት። ከድምፅ ማጉያው የማናውቀው ሰው ሙሾ ወጣ፤ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅስ ወፍራም ድምፅ። የቀሕጣን ስጦታ ነበር።

«ይሄ ማነው?» አሉ። «የኔ ልጅ አያለቅስም። ሻይ ነው የሚጠይቀኝ።»

«አክስቴ፣ እኔ...» አለ ቀሕጣን።

«ደግ የሠራህ መስሎህ ነው። አውቃለሁ።» ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይገኛል?»

መዋሸት እችል ነበር። «አይገኝም አክስቴ። ስጦታው ላዩ ላይ ተኝቶበታል።»

«እንግዲያው ወደ ቤት ውሰድልኝ» አሉ፤ «መብራት የሚመጣበት ሰዓት ነው።»

ዲስኩን መልሼ ገጥሜ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከኋላቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ገመዱን ሰካሁላቸው፤ መብራቱም በሰዓቱ መጣ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሻዩን አፍልተው፣ ብርጭቆዎቹን ገልብጠው፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ወደ ስክሪኑ ዞረው ቆሙ።

«እስኪጠይቀኝ አልቀዳም ነበር» አሉኝ።

ለእኔ ይቅዱልኝ ልላቸው ብዬ ተውኩት። በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። በዚያ ማታ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ብጥልም ሻይ ሲቀዳ አልሰማሁም።