የፖስተኛው ሞተር

በሚያዝያ የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፊንላንድ ውስጥ ላፑዋ ከተማ አጠገብ ባለው ጋራዣችን ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፦ ታላቅ ወንድሜ ኢስሞ፣ እንቁላል አምራቹ ጎረቤታችን ራውኖና እኔ። የአባታችን መኪና ሞተር መሀላችን ተፈታትቶ ተኝቷል።

አባታችን የገጠር ፖስተኛ ነበር። በዚያች መኪና አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነድቶ፣ ጡረታ በወጣ በወሩ ሞተ። ኢስሞ ቀብሩ እንዳለፈ መኪናዋን ለአፈር ሜዳ እሽቅድምድም አወጣት። እኔ መኪናዋ እንዳትሄድብን ብቻ ነበር የምፈልገው።

የእሽቅድምድማችን ሕግ አጭር ነው። ውድድሩ ሲያልቅ፣ የተወዳደረው መኪና ሁሉ በአንድ ርካሽ ዋጋ ለሽያጭ ይቀርባል። የፈለገ ተወዳዳሪ ስሙን ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። አልሸጥም ያለ የመወዳደሪያ ፈቃዱን ይነጠቃል። ስለዚህ መኪናውን የሚወድ ሰው ገና ማንም የማይመኘው ሳለ ጥገናውን ያቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ከኢስሞ በቀር።

«ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑንና የፒስተኑን ፋሻ ብቻ ቀይረን እንግጠመው» አልኩ። «ትንሽ ዘይት ይብላ፣ ይጭስ። የሚያጨስ መኪና ማን ይፈልጋል?»

ኢስሞ ወደ ራውኖ ዞረ። «ሰማኸው? ከሳውና ታጥበህ ወጥተህ ያንኑ የገማ ካልሲ አጥልቅ እያለኝ እኮ ነው!»

«ሕጉስ?» አልኩት።

«የኔን መኪና? ከዚህ ወረዳ ማን ይደፍራል?»

«እኔስ?» አለ ራውኖ፣ ጎማ ላይ እንደተቀመጠ ዳቦውን እያላመጠ። ራውኖ ባለፈው ዓመት በተወዳደረ ቁጥር መጨረሻ ነው የወጣው።

«አንተማ መጀመሪያ ዶሮዎችህን አስፈቅድ።»

«ዶሮዎቼ ከአንተ ይሻላሉ። የሚንጫጩት እንቁላል ከጣሉ በኋላ ነው።»

ኢስሞ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሲሊንደሩን በማሽን አስጠረበ፣ አዲስ ፒስተን አስገባ፣ ብሮንዚን የሚባሉትን የዘንግ ማረፊያዎች ሁሉ ቀየረ። በየቀኑ የሚነዳውን መኪና ዘይት በወጉ ቀይሮ የማያውቅ ሰው፣ ብሎን የሚያጠብቀው ነጭ ጓንት አድርጎ ሆነ። እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እያነሣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ተወዳዳሪ ላከ። አንድ ሰው ኪሱን ገልብጦ ለሌባ ሲያሳይ ያየሁት ያኔ ነው።

በሰኔ ውድድር ኢስሞ አንደኛ ወጣ። ሞተሩ ጭስ የሚባል አልወጣውም። ቋሊማ ይበሉ የነበሩት ተመልካቾች ማኘካቸውን ትተው አዩት። ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ። ለሌሎቹ መኪናዎች አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ነበር፤ ለኛ ግን አሥራ አራት። እኔ ተወዳዳሪ ስላልሆንኩ ስሜን መክተት አይፈቀድልኝም።

ዕጣው ለራውኖ ወጣ።

«አንተ?» ኢስሞ ጮኸ። «ሞተር ከፍተህ እንኳ አታውቅም!»

«ለምን ብዬ እከፍታለሁ? የሚከፍትልኝ ሞልቷል።»

ኢስሞ ፊቱ ነጭ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «አፍህን ምን ዘጋው? የአባትህ መኪና አይደለችም እንዴ? አንድ ነገር በለው እንጂ!»

ሰው መሀል መናገር አልወድም። «ንጹሕ ካልሲ አጥልቀህለታል» አልኩት። «እንግዲህ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ቀጥዬ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ የአባቴን የእጅ ባትሪ ከመቀመጫው ሥር አወጣሁ። ራውኖ በሩን ያዘልኝ።

በነሐሴ ውድድር ራውኖ ሁለተኛ ወጣ። ነዳጁ ላይ ሆን ብሎ ዘይት ጨምሮበት ስለነበር መኪናዋ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀች ነው የገባችው። ለእሷ አንድም ወረቀት አልገባም። እስካሁን እሱ ዘንድ ነች።