የጋሽ ጉርሜሳ ግራ እጅ

ፉሪ ውስጥ ሰው ድንጋይ ይጠርባል፣ ድንጋይ ይሸጣል፣ ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ ድንጋይ ለማየት ብሎ አውሮፕላን የተሳፈረ ግን ከጋሽ ጉርሜሳ በፊት አልተሰማም። ልጃቸው አያንቱ አየር መንገድ ስለምትሠራ ለወላጆቿ በቅናሽ ቲኬት ታገኛለች። ባለቤታቸው እትዬ ገዲሴ «እግሬ መሬት ሳይረግጥማ የትም አልሄድም» ብለው ቀሩ። ጋሽ ጉርሜሳ አርባ ዓመት የጠረቡበትን መሮ ቤት አስቀምጠው ከልጃቸው ጋር ዮርዳኖስ አገር ገቡ።

እትዬ ገዲሴ የቀሩበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የአያንቱ ልጅ ገላኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች። ችግሩ፣ ግራኝ ናት። በግራ ትበላለች፣ በግራ ትሥላለች፣ እንግዳም በግራ ትጨብጣለች። አያቷ «ሰው ፊት አታዋርደኝም» ብለው፣ እስከዚያ ቀኟን እንድትለምድ ግራ እጇን ካልሲ አለበሱትና አንጓዋ ላይ በክር አሰሩት። ልጅቷ መጀመሪያ ካልሲውን አሻንጉሊት አድርጋ ስም አወጣችለት። ምሳ ሲቀርብ ግን ጨዋታው ያበቃል፤ በቀኟ የጠቀለለችው አፏ ሳይደርስ ይበተናል፣ ታለቅሳለች። ያኔ ጋሽ ጉርሜሳ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ።

ዝም የሚሉት እሳቸውም ግራኝ ስለሆኑ ነው። ይህን ከሟቹ አባታቸው በቀር ያወቀ የለም። አባትየው በጠፍር አስረው ወደ ቀኝ መልሰዋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሁሉን በቀኝ መሥራት ለመዱ፣ መልመድ ከተባለ። ጠዋት የሚጠርቡት ድንጋይ ጎርባጣ ሆኖ፣ ሌላው ምሳ ሲሄድ ብቻቸውን የጠረቡት እንደ ሳሙና መለስለሱ ባልደረቦቻቸውን ዕድሜ ልክ ሲገርማቸው ኖሯል። እትዬ ገዲሴም ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ከባላቸው ጉርሻ የሚደርሳቸው እኩሌታው ነው። ቀሪው ደረታቸው ላይ ይወድቃል። የሙሽራ ቀሚሳቸው ላይ የፈሰሰው ወጥ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ትንሿ ፔትራ የሚሏት ቦታ በረሃ መሃል ያለች ጠባብ ሸለቆ ናት። በሁለቱም በኩል ገደል ነው፤ ገደሉ ውስጥ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የተፈለፈሉ ክፍሎች፣ ደረጃዎችና የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ሌላው ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳ ጋሽ ጉርሜሳ ዓለቱን በጥፍራቸው ይፈትሻሉ።

«ይሄማ ለስላሳ ነው» አሉ። «ጠራቢዎቹ የእኛን የፉሪን ቢያገኙት ያለቅሱ ነበር።»

«አባዬ፣ እስቲ ዝም ብለህ እይ!» አለች አያንቱ።

ጥግ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ሲገቡ ግን ጥፍራቸው ግድግዳው ላይ ቆመ። እስካሁን ባዩት ግድግዳ ሁሉ የመሮው ጭረት ከቀኝ ወደ ግራ ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ጋሽ ጉርሜሳ ይህን ጭረት አሳምረው ያውቁታል። የራሳቸው የምሳ ሰዓት ጭረት ነው።

«ሰውዬው ግራኝ ነው» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የጠረበው!» ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው እስከ መሃል ተጓዙ። መሃል ላይ የቀኝ እጅ ጭረት መጥቶ ይገጥማል። «እይ፣ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሠሩት። ሰው ምሳ እስኪሄድለት አልጠበቀም።»

ይህን ብለው አለቀሱ። አያንቱ ምን እንደነካቸው ብትጠይቅ «አቧራ ነው» አሉ። ለቅሶው በዚያ ጠራቢ መቅናትም ነበረበት፣ ስለ ገላኔ ዝም በማለታቸው ማፈርም ነበረበት።

የተመለሱ ዕለት፣ እሁድ ምሳ ላይ ጎረቤት ቤቱን ሞላው። ጋሽ ጉርሜሳ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ግራውን ሁለት ጊዜ።

«እንኳን ደህና መጣህ! ምን አየህ?» አሉ ጎረቤታቸው እማዋይሽ።

«ድንጋይ።»

«ድንጋይማ በራችን ላይ ሞልቶ!» ሁሉም ሳቀ።

ወጡ ቀረበ። ገላኔ ከመንገድ የተመለሱትን አያቷን ልታጎርስ ብላ ካልሲ የለበሰ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

«በቀኝ!» አሉ እትዬ ገዲሴ። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ጋሽ ጉርሜሳ አሁን ዝም ማለት አቃታቸው። በግራቸው እንጀራ ቆረሱ፣ ቀይ ወጡን ጠቅለል አደረጉና ለባለቤታቸው ዘረጉ። እትዬ ገዲሴ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ።

«በግራ? ሰው ፊት? ምን ነካህ?»

«እኔም ግራኝ ነኝ፣ ገዲሴ። ከተወለድሁ ጀምሮ። አፍሬ ነው የደበቅሁሽ።»

እትዬ ገዲሴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ጉርሻው ገባ። ሙሉው ገባ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወደቀችም።

አላመጡ። ነጠላቸውን አዩ፤ ነጭ ነው። ባላቸውን አዩ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት!» አሉ። «ያን ሁሉ ቀሚስ ያበላሸኸው ለዚህ ኖሯል? አዬ ሞኝ!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እማዋይሽ ትሪውን ያዩ ጀመር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ እትዬ ገዲሴ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ጋሽ ጉርሜሳ በግራቸው ደገሙ፣ ከመጀመሪያውም አተለቁት። እትዬ ገዲሴ አፋቸው ሞልቶ መናገር ስላልቻሉ ገላኔን በእጃቸው ጠሩና፣ አንጓዋ ላይ የታሰረውን ክር ይፈቱ ጀመር።