በሰሊጥ መጋዘን የተደረገ ሠርግ

አንዳርጌ የሞተው ልጁ በምትዳርበት እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ከባሱንዳ ወጣ ብሎ ባለው የሀጅ እስማኤል የሰሊጥ እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት የሠራተኞች አለቃ ነበር። ከአጨዳው ወዲህ ግን ሳል ጥሎት ከአልጋ አልተነሣም።

ሚስቱ ውባየሁ እጁን ስትነካው ቀዝቅዟል። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከመጋዘኑ በኩል የሴቶቹን ሳቅ ሰማችና መልሳ ዘጋችው። ሰሊጡ ተሸጦ ባዶ የቀረውን የቆርቆሮ መጋዘን ሀጁ ለሠርጉ ፈቅደውላቸው፣ ሴቶቹ ጠርገው ግድግዳውን በሸራ ሸፍነውታል። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሙሽራው ያረጋልም ከነአጃቢዎቹ ከመተማ ተነሥቷል። ዛሬ ካልሆነ ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ዓይኑን ከድና በጋቢ ሸፈነችው፤ ወጥታም በሩን ዘጋች።

ልጇ ዕፀገነት ተኳኩላ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«እማ፣ ገብቼ የአባዬን ጉልበት ልሳም።»

«ሌሊቱን ሲያስል አድሮ ገና አሁን ተኛ። አትቀስቅሽው።»

«ሳይመርቀኝ ልሂድ?»

«መርቆሻል። ለእኔ ነግሮኛል።»

ሀጅ እስማኤል ግን በሽተኛውን ሊጠይቁ መጥተው በቀጥታ ገቡ። ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩ። አማርኛውን ከሠራተኞቻቸው ለምደውታል።

«በእኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፣ ውባየሁ።»

«እስክትሄድ ብቻ፣ ሀጅ።»

ሽማግሌው ጋቢውን መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ወንበር አስመጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሊጠይቅ የሚመጣውንም ሁሉ «ናይም፣ ናይም፣ ተኝቷል» እያሉ መለሱ።

መጋዘኑ ውስጥ ከበሮው ተመታ። ውባየሁ እንግዶቿን አስተናገደች፤ የሙሽራው ዘመዶች እጇን ይዘው ሲያስነሷትም እስክስታ ወረደች። እንባዋ ሲወርድ ያዩት ሁሉ ልጇን ስለምትሸኝ መሰላቸው።

ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹን የያዘው ሎሪ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት ሲያቀና፣ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ መጋዘኑ ተመለሰችና ጮኸች። ሲጨፍሩ የዋሉት ሰዎች እዚያው ልቅሶ ተቀመጡ።

ሙቀቱ አላቆይ ስላለ አንዳርጌ በማግስቱ በማለዳ ተቀበረ። ዕፀገነት መርዶውን ሰምታ ድንበር አቋርጣ ስትደርስ ሰዉ ከመቃብር ተመልሷል። የእጇ እንሶስላ ገና አልደበዘዘም።

«ብትነግሪኝ ሠርጉን እተዋለሁ ብለሽ ነው?»

«የደስታሽን ቀን ላበላሽብሽ አልፈለግሁም፣ ልጄ።»

«ብትነግሪኝ ስሜው እወጣ ነበር። አባቴን እዚህ ጥዬ ስጨፍር ዋልሁ። ይህን ምን አደርገዋለሁ?»



ልጅቱ እስከ አርባው ቆየች። ለለቀስተኛው ውኃ ቀዳች፣ ወጥ ሠራች፣ ከእናቷ ጋር በአንድ ጎጆ አደረች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አላናገረቻትም። ያረጋል ሊወስዳት ሲመጣ፣ ለእናቷ ይቅርታ እንድታደርግ ለመናት።

«ቂም አይደለም» አለችው። «ፊቷን ሳይ ከበሮው ይሰማኛል።»

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ተዘጋ። ሀጁ ጎጆውን ለውባየሁ ስለተዉላት፣ ለወቅት ሠራተኞች ምግብ እያበሰለች እዚያው ቀረች። ዕፀገነት ወንድ ልጅ መውለዷን የሰማችው በሁለተኛው ዓመት ለአጨዳ ከመተማ ከመጡ ሰዎች ነው።