የአባዬ የተራራ ጫማ

አባቴ የተራራ ጫማውን ከሳጥን ሲያወጣው ገና የጫማ ቀለም ይሸታል። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት የቅየሳ ሥራውን ከተወ ወዲህ አንድም ቀን አላደረገውም። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በየጊዜው እያወጣ እየወለወለ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቀው ኖሯል።

«እንቺ፣ ለኪው። በሁለት ካልሲ ልክሽ ይሆናል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር የድንጋይ ናሙና ልንሰበስብ ተራራ እንወጣለን፤ የመጀመሪያ የመስክ ሥራዬ ነው። አዲስ ጫማ ልገዛ አስቤ ነበር። አባቴ ግን እሱ ከእንግዲህ የማይወጣውን ተራራ ጫማው እንዲወጣለት ፈልጓል። አፍ አውጥቶ አላለኝም፤ እኔም አፍ አውጥቼ እምቢ አላልኩም። «መጀመሪያ ኮረብታው ላይ እንሞክረው» አልኩ ብቻ።

ከቤታችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ውርጭ ለብሷል። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ከኋላዬ ይከተላል፤ ዓይኑ ከተረከዜ አይነቀልም።

«እይው አያያዙን! እንደ ሞኝና ወረቀት ነው፤ የያዘውን ድንጋይ አይለቅም።»

እውነትም ደህና ይዞ ነበር። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ግን ቀኝ እግሬ ሥር የሆነ ነገር ለሰለሰብኝ። ዞር ስል በመጣሁበት ሁሉ ነጩ ውርጭ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተንጠባጥቧል።

ተቀምጬ እግሬን አነሳሁ። ሶሉ አፉን ከፍቷል። ቆዳው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ኬክ ፈረሰ። ማዘን ሲገባኝ ጠጋ ብዬ የትኛው ንብርብር ቀድሞ እንደተበላ መመርመር ያዝኩ።

«ምን አገኘሽ?»

«ከውስጥ ነው የጀመረው፣ አባዬ። የጠቀለልክበት ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረበት ይመስለኛል።»

ፍርፋሪውን ተቀብሎኝ በመዳፉ አሸው።

«በእንክብካቤ ገደልኩት በያ» አለ።

የቀኙን ክር ፈትቼ ሶሉን ከጫማው ጋር ጠፍሬ አሰርኩት። እኔ ጫማዬን፣ እሱ ጉልበቱን እየጎተትን መውረድ ጀመርን።

«የሚያየን ሰው ምን ይላል?»

«በዘር ነው ይላል» አልኩ። ከት ብሎ ሳቀ።

ደጃፋችን ስንደርስ ክሩን ፈትቼ በሁለት እጄ ሳብ ሳብ አደረግኩት። አልሳሳም፣ አልተበጠሰም።

«አባዬ፣ የምገዛው አዲስ ጫማ ላይ የማስገባው ይህን ክር ነው። ቁልቁለት ላይ እንዴት አድርገህ ነበር የምታስረው?»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጭኑን መታ መታ አደረገ።

«ግራ እግርሽን አምጪ። እሱ ገና አልሞተም።»