የእሁድ ከሰዓት ሰላምታ

ዛሬ የሬዲዮ ቁልፍ ትንሽ ባዞሩ ቁጥር አዲስ ጣቢያ ነው፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ይጮኻል፣ ማን ምን እንዳለ እንኳ አይያዝም። በ1991 ዓ.ም. ግን ኤፍ ኤም የሚባለው ነገር ገና አልመጣም ነበር። ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው ያንኑ አንድ ጣቢያ ነው። እሁድ ከሰዓት የዘፈን ምርጫ ሲጀምር በአንዱ ግቢ የጀመሩትን ዘፈን መንገድ እየሄዱ በሌላው ግቢ መጨረስ ይቻል ነበር። ያንን ጊዜ ያየ ሰው ዛሬም የድሮ ሬዲዮ ሲነሳ ፊቱ ይፈካል፤ የአቅራቢዎቹን ስም ይጠራል፣ አነጋገራቸውን ያስመስላል። ከአቅራቢዎቹ አንዱ የነበረው ጉግሳ ብቻ ወሬው ሲነሳ ሻዩን ሳይጨርስ ብድግ ይላል።

ጉግሳን ሰው የሚያውቀው በድምፁ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ግዙፍ ሰው የጠበቀ ሁሉ ሲያየው ያዝን ነበር፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ኮቱ ከትከሻው የሚንሸራተትበት ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ ማንም ልብ አይለውም። ጉርድ ሾላ ደርሶ "ወራጅ አለ" ሲል ግን ታክሲው በሙሉ ይዞራል። "አንተ ነህ እንዴ?" ይሉታል፣ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ይህችን ነገር ሲበዛ ይወዳት ነበር። ረዳቱ ቀድሞ ቢያስቆምለት እንኳ "ወራጅ አለ" ሳይል አይወርድም።

ሥራው የአድማጮችን ካርድ ማንበብና ዘፈን ማስከተል ነው። ካርዱ ላይ ከአክስት ልጅ እስከ ሩቅ ጎረቤት የማይጠራ ስም የለም፤ አንዳንዴ የስሙ ብዛት ከዘፈኑ ይረዝማል። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የወታደሮች ሰላምታ ተጨመረ። ዋቅቶላ የሚባል ዘጋቢ ግንባር ድረስ እየሄደ የልጆቹን ድምፅ በቴፕ ቀድቶ ያመጣል፣ ጉግሳ በየእሁዱ ጥቂት ጥቂቱን ከዘፈን ጋር ያሰማል። ወታደሩ ብዙ፣ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ አንድ ሰላምታ ተራው እስኪደርስ ወር ሁለት ወር ይቆያል። ይህን በጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ከጣቢያው ውጭ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ሰው የሰማውን ድምፅ በዚያችው ደቂቃ የሚናገር አድርጎ ነው የሚወስደው። ጉግሳም የፕሮግራሙን ለዛ ይገድላል ብሎ ስለሚፈራ አንድም ቀን አስረድቶ አያውቅም።

ከጉግሳ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የእትዬ ሀቢባ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁንም አንድ ልጃቸውን ሙራድንም ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ሙራድ ሳያማክራቸው ተመዝግቦ ዘመተ። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው ላይ፣ ከሳሙናውና ከክብሪቱ መካከል የተቀመጠችው ሬዲዮ ጠፍታ አታውቅም። እሁድ አመሻሽ ጉግሳ ከሥራ ሲመለስ አንገታቸውን በመስኮቱ ብቅ ያደርጋሉ።

"ጉግሳዬ፣ ዛሬም የኔ ልጅ የለም?"

"ተራው ይደርሳል እትዬ።"

"ኢንሻአላህ። ብቻ አንተ አትርሳብኝ።"

በየካቲት መጨረሻ ግንባር ላይ ትልቅ ውጊያ ተደረገ። ከተማው በድሉ ጨፈረ፣ ስለ ሞተው ልጅ ብዛት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በመጋቢት የመጀመሪያው እሁድ ጉግሳ የዋቅቶላን ቴፕ ሲያዳምጥ የሚያውቀውን ድምፅ አገኘ። ዘለለ ማለት ይቻላል። የሌሎቹን ተራ አሳልፎ የሙራድን ሰላምታ መጀመሪያ ላይ አደረገው፣ ከዚያም አየር ላይ ለቀቀው።

"ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሀቢባ፣ ጉርድ ሾላ። ከናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። እማ፣ የጓሮውን በር መቀርቀሪያ አሠሪው፣ ሌባ እንዳይገባብሽ። ስመጣ እኔ እሠራዋለሁ ብዬሽ ነበር፣ አትጠብቂኝ። ለሰፈሩ ሰው በሙሉ ሰላም በይልኝ።"

አመሻሽ ላይ ጉግሳ ከታክሲ ሲወርድ እልልታው ከአስፋልቱ ይሰማ ነበር። ልጆች በየጉንጫቸው ከረሜላ ወትፈዋል። እትዬ ሀቢባ ከሱቁ ወጥተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፣ በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት። "የወለደችህ ትባረክ" አሉት፣ እያለቀሱ። "ወላሂ ዛሬ ነው የወለድኩት።" ጉግሳ በሕይወቱ እንዲህ ተወድዶ አያውቅም።

ከሰዉ መሃል የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ በዳሳ ክንዱን ይዘው ወደ ሱቁ ጀርባ ወሰዱት። ፊታቸው ላይ ደስታ የሚባል የለም።

"ስማኝ" አሉት። "ዓርብ ዕለት የሙራድ መርዶ መጥቷል። አብዱልናስር የሚባል ጓደኛው ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እሱ ነው የላከብን። ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ልንነግራት ቆርጠን፣ ድንኳኑም ተዘጋጅቶ ነበር። አንተን ያልነገርንህ አፍህ ከአገር ሁሉ ጋር ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ በሬዲዮ ተናገረ። እኔ ግራ ገባኝ። ድምፁ መቼ የተቀዳ ነው?"

ጉግሳ ያውቃል። ዋቅቶላ ያንን ቴፕ ሲያስረክበው በሌላ እጁ የገና ዶሮ አንጠልጥሎ ነበር፤ "ዶሮዋን ያዝልኝ" ብሎት ተሳስቀዋል። ከዚያ በኋላ ገናው አልፏል፣ ጥምቀቱ አልፏል፣ ውጊያውም አልፏል። አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት እትዬ ሀቢባ ከሱቁ ፊት ሲስቁ ተሰማው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሰምቶ አያውቅም።

"ሰሞኑን ነው ጋሼ" አለ።

ጋሽ በዳሳ ግድግዳውን ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ተመስገን" አሉ። "የተሳሳተ መርዶ ስንቱን ቤት አፍርሷል። በቁሙ የተለቀሰለትም አለ። የቆሰለው ልጅ ትኩሳት ላይ ሆኖ ሌላውን አምታቶ ይሆናል።" የጉግሳን ትከሻ መታ መታ አድርገው የተዘጋጀውን ድንኳን ለማስመለስ ሄዱ።

ጉግሳ ለጋሽ በዳሳ ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር። ይህች ማታ ብቻ ትለፍ፣ ሴትዮዋ አንድ ሌሊት በደስታ ይደሩ ብሎ ነው። በነጋታው እትዬ ሀቢባ ብረት ሠሪ አምጥተው የጓሮውን መቀርቀሪያ ሲያሠሩ አገኛቸውና አለፈ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በየቀኑ እየከበደ ሄደ እንጂ አልቀለለም። እውነት ለመናገር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ሲስቅ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ሲለቀቅለት፣ ደስ የሚለው አንድ የረከሰ ነገር በውስጡ ነበር። እሱን ነው እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር ያላለው።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት እትዬ ሀቢባ ካርድ ይዘው መጡ። እሳቸው ስለማይጽፉ የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈችላቸው።

"መልሱን አንብብልኝ። እዚያም ሬዲዮ ይሰማሉ አሉ።"

ጉግሳ አነበበው። ምን ያድርግ? ስቱዲዮ ገብቶ፣ ማይኩ ፊት ተቀምጦ፣ ሰው በሚወድለት በዚያ ድምፁ "ለውድ ልጄ ለሙራድ፣ ግንባር። መቀርቀሪያውን አሠርቻለሁ፣ ሐሳብ አይግባህ" ብሎ አነበበ። ዘፈኑ ሲሄድ የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ በኩል አውራ ጣቱን አነሳለት። ጉግሳ ማዳመጫውን አውልቆ ካርዱን ማንም ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሚቀጥለውም እሁድ ካርድ ነበር። በሚቀጥለውም።

አረፋ ደረሰ። እትዬ ሀቢባ ልጄ ለበዓል ፈቃድ ያገኛል ብለው ሙክት ገዙ፣ የሙራድን አልጋ አዲስ ሽፋን አለበሱት። ሙራድ አልመጣም። "ሥራ በዝቶበት ነው" ብለው ሙክቱን አሳርደው እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ለጎረቤቱ ድርሻ ድርሻውን ላኩ። ጉግሳ ቤት የመጣው ከሁሉ የበለጠ ነበር። ሳይነካው ተበላሽቶ ተጣለ።

ከበዓሉ በኋላ እትዬ ሀቢባ ሌላ ሐሳብ አመጡ። ሙራድ ሲመለስ ዳግመኛ እንዳይሄድባቸው ሚስት ሊያጩለት ነው። ቡታጅራ የአንድ ዘመዳቸው ወዳጅ ልጅ አለች፣ ጨዋ ናት፣ ቤተሰቧም ጠይቁን ብሏል። ለሽምግልና ማንን ይላኩ? እድሩን የሚመሩትን ጋሽ በዳሳን፣ ከሳቸውም ጋር መርዶውን ሊያረዱ የነበሩትን እነዚያኑ ሽማግሌዎች።

ጋሽ በዳሳ ቀኑን ቆርጠው ሊሄዱ ሲሰናዱ አብዱልናስር ከሆስፒታል ወጣ። በክራንች ተደግፎ ቤታቸው ድረስ መጣ። ትኩሳትም መምታታትም አልነበረበትም። "በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት" አላቸው። ጋሽ በዳሳ ልጁን በር ላይ ትተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ጉግሳ ቤት ሳያንኳኩ ገቡ።

"ድምፁ መቼ ነው የተቀዳው?"

ጉግሳ ከተቀመጠበት አልተነሳም። "ከገና በፊት" አለ።

ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ቢጮኹበት ወይም በጥፊ ቢሉት ይሻለው ነበር።

"ልጇ ሞቶ ሥጋ አበላችን" አሉ። "ያላለቀሰች እናት ቤት ተቀምጠን በላን፣ መረቅን። እኔ ደግሞ ለሟች ሚስት ልጠይቅ ነጠላዬን አሳጥቤ ተቀምጫለሁ።"

"ጋሼ፣ ያን ዕለት ሲስቁ ሰምቼ ነው። በነጋታው ልነግርዎት ነበር።"

"እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ ስነግር እያለቀሰ የጠበቀኝ ያለ መስሎህ ነው? ሁሉም ሲስቁ ነው የምንደርስባቸው።" ተነሱ። "ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ወጉ ታላቅ ከፊት ነው። ነገ ግን ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ። እኔ ብነግራት ሬዲዮው ደህና ነው ብሏል ብላ ታባርረኛለች። አንተን ነው የምታምነው።"

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ በጋሽ በዳሳ በር ተሰበሰቡ። ብርድ ነበር፣ ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ሴቶቹ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ ይከተላሉ። መስጊዱ ሱብሂን ጨርሶ ሰዉ እየተበተነ ነው። አብዱልናስር በክራንቹ እያነከሰ ከሁሉም ኋላ ቀርቷል።

የሱቁ መስኮት ገና ስላልተከፈተ በጓሮ በኩል ዞሩ። ጋሽ በዳሳ ጉግሳን በስሱ ከጀርባው ገፋ አደረጉት። በሩን አንኳኳ። "ማነው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"እኔ ነኝ እትዬ" አለ ጉግሳ።

አዲሱ መቀርቀሪያ ሲንሸራተት ተሰማ። ዘይት የጠጣ ስለሆነ አልተንቋቋም። እትዬ ሀቢባ የሶላት ሻሻቸውን እንዳደረጉ በሩን ከፈቱ፤ ጉግሳን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ሌላ ድምፅ መጣ?" አሉት።

የሚናገረው ሁሉ ተሰናድቶለት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠናው ነው ያደረው፤ አሁን ግን ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። እሳቸው በትከሻው ላይ አሻግረው ጋሽ በዳሳን አዩ። ከሳቸው ኋላ ጋቢ የተከናነቡትን፣ ከዚያም ኋላ የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። ከሁሉ መጨረሻ ክራንች የያዘውን የማያውቁትን ልጅ ሲያዩ እጃቸው መቀርቀሪያውን ጨበጠ። ከዚያ ወደ ጉግሳ ተመለሱና፣ እንደሚለምን ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ጉግሳዬ" አሉት፣ "ዛሬ እኮ እሁድ አይደለም።"